ስም ይወጣል ከቤት

«ጋሼ፣ ይህን ልጅ ምን ላድርገው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ልጁ የበኩሉን አድርጓል፤ በ19 ዓመቱ አባቱ ፊት ቆሞ ወንድ እንደሚወድ ተናግሯል። ከዚህ የሚከብድ ንግግር አላውቅም። አሁን ተራው ያንተ ነውና ጥያቄህን አዙረህ «እኔስ ምን ላድርግ?» ብለህ ጠይቀኝ።

ያገራችን ሰው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል። መከራ የመከራቸውን አባቶች አውቃለሁ፤ አንተ ከእነሱ እንድትቆጠር አልፈልግም። እዚህ ሜሪላንድ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ በነርስነት እንደሆነ ታውቃለህ። ቅዳሜና እሑድ የተጣላ ሳስታርቅ፣ በሥራ ቀን የተጣለ ስቀበል ኖሬአለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ልለውጥብህ አልመጣሁም። እኔም የንስሐ አባት አለኝ፤ ስለ ኃጢአትና ስለ ጽድቅ የምትጠይቀው ካለህ ከራስህ አባት ጋር ተነጋገር። እኔ የማወራህ ልጅህ በጤናና በሕይወት ስለ መክረሙ ነው። ለዚህ ሃይማኖትህን መጣል አይጠበቅብህም፤ ልጅህን አለመጣል ግን ይጠበቅብሃል።

«ታሞብኝ ነው» አልኸኝ። አልታመመም። እ.ኤ.አ. በ1957 ኤቭሊን ሁከር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጥናት አሳተመች። እስከዚያ ድረስ ወንድ ስለሚወዱ ወንዶች የተጻፈው አብዛኛው ከሆስፒታልና ከእስር ቤት በተገኙ ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። እሷ ግን ሥራቸውን እየሠሩ፣ ኪራያቸውን እየከፈሉ የሚኖሩ 30 ሰዎች ወሰደች፤ በዕድሜ፣ በትምህርትና በአእምሮ ብስለት ከሚመስሏቸው ሴት ከሚወዱ 30 ወንዶች ጋር አቆመቻቸው። የፈተናውን ውጤት የዘመኑ አንጋፋ ባለሙያዎች የማን እንደሆነ ሳይነገራቸው መረመሩት። የቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አቃታቸው። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር ነገሩን ከሕመም ዝርዝሩ አወጣው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 ተከተለ።

በመሀል የሆነውን ደግሞ ስማ። በ1972 ዳላስ ላይ በተደረገ የዚሁ ማኅበር ጉባኤ ጆን ፍራየር የሚባል ሳይካትሪስት መድረክ ላይ ወጥቶ እሱም ወንድ እንደሚወድ ተናገረ። ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፣ ዊግ ደፍቶ፣ ድምፁን በሚለውጥ ማይክሮፎን ነበር የተናገረው፤ ስሙንም አልገለጸም። ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ነው። ሐኪም፣ ሐኪሞች ፊት፣ ጭምብል! ልጅህ ምንም ሳያጠልቅ ሳሎንህ ውስጥ ነግሮሃል።

«ጤነኛ ከሆነ ታዲያ ለምን እንዲህ ይተክዛል? ለምን አይበላም? ለምን ክፍሉን ዘግቶ ይውላል?» ትለኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድብርት፣ ጭንቀት፣ መጠጥና ራስን የማጥፋት ሙከራ በእነዚህ ልጆች ላይ ከሌላው በዝቶ እንደሚታይ ጥናቱ ሁሉ ይስማማል። ኢላን ሜየር የተባለ ተመራማሪ በ2003 ምክንያቱን ሰብሰብ አድርጎ ጽፎታል። ሰው ከውጭ ይሰድበዋል፣ ይመታዋል፣ ከሥራ ያባርረዋል፤ ይህ የሚታየው ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ማንም ሳይነካው የሚነካውን እየጠበቀ ይኖራል። ራሱን ይደብቃል። በመጨረሻ ስድቡ ከውጭ መምጣቱ ይቀርና በገዛ ድምፁ ከውስጡ ይናገረዋል። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሳገኛቸው ብዙዎቹ እዚህ የመጨረሻው ላይ ደርሰው ነበር።

አንዱን ልንገርህ፤ ማንነቱን አልነግርህም። ሞሪስ ሮዘንበርግ የሚባል ሊቅ በ1965 ያወጣው፣ ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት የሚለኩበት አሥር ዐረፍተ ነገር ያለው መጠይቅ አለ። የኛ ልጅ ነበርና ለአማርኛው እኔ ተጠራሁ። ከሌላው ሰው ባላነሰ ዋጋ አለኝ ትላለህ ወይ የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። «ይህን ሐበሻ ያነበዋል?» አለኝ። ከኔ በቀር ማንም አያነበውም አልሁት። «እንግዲያው እርስዎ ይሙሉት። እኔን ከማወቅዎ በፊት ስለኔ ዓይነቱ ሰው ያስቡ የነበረውን ይጻፉ፤ ያው ነው» አለና ወረቀቱን ወደኔ ገፋው። ተቆጥቶ አይደለም፤ የሻይ ስኳር ስንት እንደሆነ እንደሚናገር ሰው ቀለል አድርጎ ነው የተናገረው። ለራስ የሚሰጥ ግምት ሲያልቅ እንዲህ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሌላውን ሰው አስተያየት ያቀብልሃል።

ስድብ ብቻውን እንዲህ ያደርጋል ወይ? ይህንን በደንብ አስብበት፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ብዙ ዘመን ተመራማሪዎች የተናቀ ሁሉ ራሱን ይንቃል ብለው ያምኑ ነበር። በ1989 ጄኒፈር ክሮከርና ብሬንዳ ሜጀር የተባሉ ሁለት ሴቶች የተጠናውን ሁሉ ሰብስበው ሲያዩት እንዲያ አይደለም። የአሜሪካ ጥቁሮች ያን ሁሉ ግፍ ተቀብለው ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከነጮቹ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ለምን? መልሱ ብዙ ነው፤ እኔ የማስቀድመውን ግን አንተ ራስህ ታውቀዋለህ።

ልጅህ ትንሽ ሳለ ትምህርት ቤት በጥቁረቱ ተሰድቦ እያለቀሰ የመጣ ጊዜ ምን አደረግህ? አንተው ነህ የነገርኸኝ። ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ዐድዋን አወራኸው። እናቱ ጠጉሩን እያበጠረች «የኔ ቆንጆ» አለችው። በማግሥቱ ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ስድቡ ከደጅ መጣ፣ ቤቱ መለሰው። ያ የሚሰድበው ልጅ ባለጌ እንደሆነ ሁላችሁም ስለነገራችሁት እሱም ባለጌው እኔ ነኝ ብሎ አላሰበም።

አሁንስ? ይህኛው ስድብ ሲመጣበት ወዴት ይሮጣል? በዚህ ነገር አንተን አይመስልም፣ እናቱንም አይመስልም፤ አጎቶቹም እንደሱ አይደሉም። ስድቡንም መጀመሪያ የሰማው ከደጅ አይደለም፤ እራት ላይ ነው። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ያሉት አባቶቻችን ይህንን አላሰቡም ይሆናል፤ ግን ልክ ገጥሟል። ሲልቨር ስፕሪንግን ሞልቶ የተረፈ ዘመድ እያለው የሚያዋየው አንድ ሰው የለውም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

ስድብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለመማር አሜሪካ ድረስ መምጣት አያስፈልገንም ነበር። በልጅነቴ ባደግሁበት አገር ቀጥቃጩ ማረሻችንንና ማጭዳችንን ይሠራልናል፤ ልጃችንን ግን አንድርለትም፣ ዓይኑንም እንፈራለን፣ ማታ ጅብ ይሆናል እንላለን። ሸክላ ሠሪዋም፣ ቆዳ ፋቂውም እንደዚያው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ተነገረ፣ ሰው ግን ስድቡን ቶሎ አልተወም። የቀጥቃጩ ልጅ ሠርግ ቤት ሲመጣ ማንም ሳይነግረው በር አጠገብ ይቀመጥ ነበር። «ወደ ላይ ግባ» ቢሉት እንኳ አይገባም። ቦታውን ማን አሳየው? ማንም፤ ሁላችንም።

ሕግ ግን ምንም አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ክፉም ደግም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 እዚህ አሜሪካ በርከት ያሉ ስቴቶች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕገ መንግሥታቸው አገዱ። ማርክ ሃትዘንቡለር የተባለ ተመራማሪ ከእገዳው በፊትና በኋላ የተጠየቁ ሰዎችን መልስ አነጻጸረ። እገዳው በወጣባቸው ስቴቶች በሚኖሩት፣ ተመሳሳይ ጾታ በሚወዱ ሰዎች ላይ እንደ ድብርት ያለው የስሜት ሕመም 36.6 ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። እገዳ ባልወጣባቸው ስቴቶች ያሉት ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው አገሩ ስለ እነሱ በአደባባይ የተናገረው ነው።

አገር እንዲህ ካደረገ አባት ምን ያደርጋል? ይህንንም የጠየቁ አሉ። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬትሊን ራያንና ባልደረቦቿ በ2009 ያወጡት ጥናት ከ21 እስከ 25 ዓመት ያሉ እንደ ልጅህ ዓይነት ወጣቶችን ቤተሰባቸው በጉርምስናቸው ጊዜ እንዴት እንደያዛቸው ጠየቀ። ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው፣ እምብዛም ካልተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት 8.4 እጥፍ ሆነው ተገኙ፤ ከባድ ድብርቱም 5.9 እጥፍ። ቁጥሩን ለማስፈራራት አልጠቀስሁልህም፤ ያንተ እጅ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

መግፋት ስልህ የግድ ሻንጣ ደጅ መወርወር አይደለም። አብዛኛው መግፋት ድምፅ የለውም። «እኔ አላባረርሁትም» ትለኛለህ፤ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ታናሽ እህቱን «ከሱ ጋር ብዙ አትሁኚ» ማለት መግፋት ነው። ለፋሲካ አገር ሙሉ ሲጠራ እሱን «ፈተና አለብህ አይደል?» ማለት መግፋት ነው። ጓደኛው ሲደውል ፊትን ማጥቆር መግፋት ነው። የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በየሳምንቱ የምትለጥፈው ቪዲዮ አለ፤ ሰባኪው ይጮሃል፣ ሰው ይስቃል፣ ዘመድ ሁሉ የሳቅ ምልክት ያደርጋል። ልጅህ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ነው። አይቶታል። ለዓመታት ሲያየው ኖሮ ነው የነገረህ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ቀልድም እንዲሁ። አንተ ያልኸውን ረስተኸዋል፤ እሱ ግን ከነቀኑ ይነግርሃል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት እዚህ ላይ አልቀበለውም። ይነቅዛል። የሚደብቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ከማን ጋር እንደዋለ ሲጠየቅ «ሄድን» ይበል ወይስ «ሄድሁ» እያሰበ ዐረፍተ ነገሩን ከመሀል ይተወዋል፤ ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጣል፤ ሲስቅ እጁን እንዴት እንዳንቀሳቀሰ ራሱን ይታዘባል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ በየሠርጉ «ያንቺስ መቼ ነው?» የሚል አክስት ይጨመርባታል። ይህ ሁሉ ድካም ነው፣ ደመወዝ የሌለው። ሌላም አለ። የደበቀ ሰው ምስጋናውን እንኳ አይቀበልም፤ «ጎበዝ ልጅ» ስትለው «ቢያውቁኝ አይሉኝም ነበር» ይላል በሆዱ። ስለዚህ ያሳደግኸበት ፍቅር ሁሉ አልደረሰውም ይሆናል። አሁን ነግሮሃልና መድረስ የሚችለው ከዛሬ ጀምሮ ነው።

ስለ «መፍትሔ» ደግሞ ብዙ ሰው ይመክርሃል። የኔን ስማ። ጸበል ራሱ ወዶ ከሄደ ይሂድ፤ ጸበል አልነካም። አስገድዶ፣ አስሮ፣ ጋኔን አለብህ እያሉ ማስጠመቅ ግን ልጁን ከአንተም ከእግዚአብሔርም ያርቀዋል። አገር ቤት ወስዶ ሴት ማጋባት የሚሉህም አሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ፍችው ላይ ደግሞ ምንም ያላጠፋች የሰው ልጅ አለች። «አገር ቤት አያቱ ጋ ይክረም፣ ይስተካከላል» የሚሉህን ደግሞ የሚልኩት ወዴት እንደሆነ ጠይቃቸው። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱ በእስራት ያስቀጣል፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የጸጥታ አካላት በየሆቴሉና በየመጠጥ ቤቱ ዘመቻ ከፍተው ሕዝቡ እንዲጠቁም ሲጠይቁ ነበር። እዚያ ያሉት የኛው ልጆች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሉት። እንዲህ ወዳለው ቦታ ልጅህን በገዛ ገንዘብህ ትኬት ቆርጠህ አትልክም።

«እንለውጠዋለን» የሚሉ አማካሪዎችም እዚህ አሜሪካ ሞልተው ነበር። ትልቁ ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የሚባል ክርስቲያናዊ ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሠርቶ በ2013 በሩን ሲዘጋ መሪው ራሱ ይቅርታ ጠየቀ። ሮበርት ስፒትዘር የሚባለው ስመ ጥር ሳይካትሪስትም መለወጥ ይቻላል ያለበትን ጥናቱን በ2012 ትክክል አልነበረም ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። ሻጮቹ ራሳቸው የመለሱትን ዕቃ አንተ አትግዛ።

ባለቤትህ ስለ ዕድሩና ስለ ማኅበሩ መጨነቋን ነግረኸኛል። ይሉኝታ ያላሳደገው ሐበሻ የለም፤ አልፈርድባትም። ግን ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው። ድንኳኑን ይዞ ይመጣል፣ ወንበሩን ይደረድራል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። ልጅ በሕይወት እያለ እንዲኖር ማድረግ የእሱ ሥራ አይደለም፤ የእናንተ ነው። ደግሞ ያ «ሰው ምን ይለኛል» የምትሉት ሰው፣ ብትጠይቁት፣ ግማሹ በየቤቱ እንደናንተው የሚደብቀው አለው። ማን እንደሆነ አልነግርህም፤ እኔ ግን በሽምግልናውም በሆስፒታሉም በኩል ስለገባሁ አውቃለሁ።

እንግዲህ የምታደርገውን ልንገርህ። ትልቅ ንግግር አታዘጋጅ። «ልጄ ነህ፤ ያልገባኝ ብዙ ነገር አለ፤ ቤትህ ግን ቤትህ ነው» ብትለው ይበቃል። ገብቶኛል ብለህ አትዋሽ፤ ይነቃብሃል። ሌላ ሰው ፊት በእሱ ሲቀለድ «እኔ ቤት እንዲህ አይባልም» በል፤ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር እሱ እየሰማ ከተናገርህ ከመቶ ምክር ትበልጣለች። ለማን መንገር እንደሚፈልግ እሱ ይወስን፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ለወንድምህ እንኳ ሳታስፈቅደው አትንገር።

ፊቱ የጠቆረ ቀን ደግሞ በቀጥታ ጠይቀው፤ «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በለው። ብጠይቀው አሳቡን አስገባበታለሁ ብለህ አትፍራ፤ መጠየቅ አሳብ አያስገባም፤ ይህን በሙያዬ እነግርሃለሁ። «አዎ» ካለህ አትጩህ፣ አትስበክ፣ ብቻውንም አትተወው። መድኃኒት ካለ ቆልፍበት፣ መሣሪያ ካለ ከቤት አውጣ። በአሜሪካ ስልክ 988 ብትደውል ሌሊትም ቀንም የሚያነሣ ሰው አለ። ቴራፒስት ስትፈልግ «ልጁን ለመለወጥ ትሞክራለህ ወይ?» ብለህ አስቀድመህ ጠይቅ፤ «አዎ» ያለህን ተወው። ልጁ ሐበሻ ቴራፒስት አልፈልግም ቢል አትቀየም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ከነገርሁህ ልጅ ተረድተሃል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።

አንተ ባትችል እንኳ ሌላ ሰው ይኑረው፤ አክስት፣ መምህር፣ የጓደኛ እናት። ትሬቨር ፕሮጀክት የሚባል የእነዚህን ወጣቶች ሕይወት ለማትረፍ የሚሠራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዳሰሳ፣ የሚቀበላቸው አንድ እንኳ ትልቅ ሰው ያላቸው ወጣቶች ባለፈው ዓመት ራሳችንን ለማጥፋት ሞክረናል የማለታቸው ዕድል ከሌላቸው 40 ከመቶ ያነሰ ነበር። አንድ ሰው ነው ያልሁህ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል ሰምተህ አልነበር?

ልጅህ ይህን ቢያነበው አንድ ቃል አለኝ። ልጄ፣ አባትህ የሚናገረው ሁሉ የአባትህ አይደለም፤ ግማሹ የአያትህ፣ ግማሹ የሰፈሩ ነው። የራሱን እስኪናገር ጊዜ ስጠው፤ ግን ጊዜ ስጠው ማለት ስድብ ተሸከም ማለት አይደለም። የሚያከብርህ ሰው ጋ ሁንና ጠብቀው። እኔ ቤት ቡና በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ይፈላል፤ ጓደኛህንም ይዘህ ና።

አንተ ደግሞ፣ ልጁ ከነገረህ ቀን ጀምሮ ሌላ ቤት ነው የሚያድረው ብለኸኛል። ይህን ወረቀት አስቀምጥና ደውልለት። ባያነሣ መልእክት ጻፍለት። ለዚያም ካልመለሰ ለኔ ደውል፤ ከዘራዬን ይዤ አብረን ሄደን እናመጣዋለን።